ሞተሩን በሚዛን የለካንበት ክረምት

ሥራ የጀመርኩት ማክሰኞ ቀን ነው። ማክሰኞ ወልድያ ገበያ ስለሆነ ከሐራም ከመርሳም የመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶት፣ መቻሬ ሰፈር ያለውን ጋራዥ ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጄ በሦስተኛው አገኘሁት። የጋራዡ ባለቤት ማስተር ካሳ ይባሉ ነበር፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ጥፍራቸው ሥር የገባው ግራሶ ለፋሲካም የማይለቅ ሰው። ስሜን ጠይቀውኝ "ደምሴ" ስላቸው፣ "ደምሴ፣ እዚህ ቤት ከእጅ በፊት የሚሠራው ጆሮ ነው" ብለው አንድ ረጅም ካቻቪቴ አስጨበጡኝ።

የካቻቪቴውን ጫፍ በሚሠራ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ደግፌ እንዳዳምጥ አዘዙኝ። "ምን ይላል?" "ይንኳኳል።" "የቱ ጋ?" "እዚህ ጋ።" "አይደለም፣ እንደገና።" እስከ ምሳ እንዲህ ስንባባል ዋልን። በመጨረሻ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ባልቦላ የምንላት አንዲት ቫልቭ መላላቷን ነገርኳቸው። አላሞገሱኝም። "ነገም ና" አሉኝ። የተቀጠርኩት በዚያች ቃል ነው።

ሁለት ዓመት ዕቃ በናፍጣ አጠብኩ። ከዚያ ረዳት፣ ከዚያ መካኒክ፣ የማስተር ካሳ ዓይን ሲደክም ደግሞ ዋና መካኒክ ሆንኩ። ማስተር ካሳ ባለፉ ጊዜ ከመኪና ወጥቼ ወደ ሞተር ብስክሌት ዞርኩ። ያኔ በከተማው ሞተር የነበራቸው የግብርና ባለሙያዎችና ጥቂት ነጋዴዎች ብቻ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ገጠሩ ሁሉ ሞተር ገዛ። በቅሎ የሚወጣበትን ዳገት ሞተር ይወጣው ጀመር። እኔም ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር የራሴን ቤት ከፈትኩ።

የዚያን ጊዜ ሥራ ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል። የሠርግ ወር ሲገባ ጎረምሶቹ ይሰለፉልኛል። አንዱ ማርሚታው ተቆርጦ ድምፁ እንዲያስገመግም ይፈልጋል፤ አንዱ ሰንሰለቱ የሚያዞረው የኋላ ጥርስ ተቀይሮ ሐራ ሜዳ ላይ ጓደኛውን እንዲቀድም ይፈልጋል። ጥርሱን እቀይራለሁ፣ ካርቡራተሩን አስተካክላለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ። "ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ከጨፈኑ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው" ይሉ ነበር። እንዲህ ሲሉ ስሰማ ደረቴ ይነፋል። ሐራ ላይ ባቡር ይመጣል ሲባል እንኳ፣ ባቡሩም ቢመጣ እኔ ጋ ሳይደመጥ አይሄድም ብዬ እቀልድ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ የመጣው እንደ ወሬ ነው፤ ቀጥሎ እንደ ቤንዚን እጥረት። ማደያው ተዘጋ። ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ እየሆነ መንገድ ዳር ይሸጥ ጀመር፤ ግማሹ ላምባ የተቀላቀለበት፣ ግማሹ ውሃ የገባበት። ደንበኞቼም ድምፅ ማሳመር ትተው አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ይመጡ ጀመር፦ "ጋሼ፣ ትንሽ እንድትጠጣ አድርጉልኝ።"

አደረግሁላቸው። በካርቡራተር ውስጥ ጂግለር የምንላት የነሐስ ብሎን አለች፤ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቤንዚን በመሐሏ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ያልፋል። ከኤሌክትሪክ ሽቦ አንዲት የመዳብ ክር መዘዝኩና በዚያች ቀዳዳ ውስጥ አስገባኋት። ቀዳዳዋ ጠበበች፤ የሚገባው ቤንዚን ቀነሰ። ሞተሩን አስነስቼ አዳመጥኩት። ድምፁ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ የሚያምር ሆነ። በሳምንት ውስጥ ነገሩ ከወልድያ አልፎ መርሳና ግራና ደረሰ። "የደምሴን ክር አስገባልኝ" የማይል ባለሞተር ጠፋ።

ከግራና ከመጡት አንዱ እንድሪስ ነው። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ሰውና ዕቃ በሞተር በማመላለስ የሚተዳደር ልጅ። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ ሚስቱ ዘሀራ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። "ጋሼ፣ አባት ልሆን ነው፤ ከእንግዲህ ቤንዚን እየጠጣሁ አልኖርም" አለኝ። "አንተ ነህ የምትጠጣው ወይስ ሞተሯ?" ስለው፣ "ወላሂ፣ ዘንድሮ ሁላችንም እየተሻማን ነው" ብሎ አሳቀኝ። ክሯን አስገባሁለት። እየዘፈነ ሄደ።

ነሐሴ ላይ ከተማው ተያዘ። የሆነውን ሁሉ አልጽፍም፤ ያየ ያውቀዋል። ጋራዤን ሰብረው የመፍቻ ሳጥኖቼን፣ የአየር መሙያውን፣ የሰቀልኩትን ካፖርት ሳይቀር ወሰዱ። አምስት ወር ያህል ቤቴ ተቀምጬ ሞተር ሳልሰማ ኖርኩ። በሠላም ጊዜ የረበሸኝ የማርሚታ ጩኸት ያኔ ናፈቀኝ። ከተማው በተመለሰ ጊዜ ከጎረቤት አንድ ካቻቪቴና ሁለት መፍቻ ተውሼ በሬን ከፈትኩ።

እንድሪስ የመጣው ጥር ላይ ነው። ሞተሯን በጭነት መኪና ጭኖ አመጣት። እንደ ድሮው አልሳቀም። ጦርነቱ ወደ ግራና ሲጠጋ ዘሀራን ከኋላው አስቀምጦ ደጋ ወዳሉት ዘመዶቹ ሊሸሽ ተነሥቶ ነበር። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ሞተሯ አንድ ጊዜ ጮኻ ቀጥ አለች። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ሞተሯን የማሽላ አገዳ ውስጥ ደብቀው የቀረውን ዳገት በእግራቸው ወጡት። ዘሀራ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በሦስተኛው ቀን ልጁን አጡት።

"ቤንዚኑ ነው ጋሼ" አለኝ እንድሪስ። "ያን ቀን የገዛሁት ላምባ የበዛበት ነበር።"

ሞተሯን ፈትቼ ፒስተኑን አወጣሁት። ጎኑ በአራት በኩል ተልጧል፣ አናቱ ቀልጦ ተበልቷል። እሳት የሚጭረው ካንዴላ እንደ ኖራ ነጥቷል። ያኔ አላወቅሁም ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። እውነቱ ግን ማየት አለመፈለጌ ነው። ፒስተኑን አገላብጬ አየሁና፣ "አዎ፣ ቤንዚኑ ነው" አልኩት። ፒስተኑን አሮጌ ዕቃ የማጠራቅምበት ጣሳ ውስጥ ጣልኩት።

ሰኔ ላይ እንደገና መጣ። ዘሀራ እንደገና አርግዛለች፤ መውለጃዋ መስከረም ነው። ቤታቸው ከግራና ወዲያ፣ ከወንዝ ማዶ ነው። ከወንዙ እስከ ጥርጊያው መንገድ ያለው አቀበት ለጤነኛም ይከብዳል። ድሮ ስልክ ሲደወል አምቡላንስ ጥርጊያው ድረስ ይመጣ ነበር፤ አሁን አምቡላንሱም የለም፤ ቢኖርም ቤንዚን የለውም። እንድሪስ ሞተሯ ጎን የሚገጠም አልጋ እንድሠራለት ፈለገ፤ ለዘሀራ፣ ከዘሀራም በኋላ ለጎረቤት ሴቶች።

"ጋሼ" አለኝ፣ "ሁለተኛ በእግሯ አትሄድም። ይቺን ነገር ይሥሩልኝና አሏህ ያውቃል፣ ዕድሜዎን ሙሉ ዱአ አደርግልዎታለሁ።"

ያን አልጋ ስሠራ እንደ ወጣትነቴ ነው የሠራሁት። ከተቃጠለ መኪና ቱቦ ብረት ቆርጬ አገናኘሁ፤ ከባጃጅ ጎማ፣ ከአሮጌ አግዳሚ ወንበር ስፖንጅ አመጣሁ። ሲሊንደሩን አስቦርብሬ አዲስ ፒስተንና ፋሻ የምንለውን የፒስተን ቀለበት ገጠምኩ። ሸክሙ ስለሚበዛ የኋላውን ጥርስ በትልቅ ቀየርኩ። ሲያልቅ እንድሪስ ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ዞረው። "ክሯንስ?" አለኝ። ቤንዚኑ ያኔም ከጠርሙስ አልወጣም ነበርና ክሯን አስገባሁ። አስነሣኋት። ድምፁ ዓይን የሚያስጨፍን ነበር። አልጋው ቀለም እስኪቀባ እንድሪስ እኔ ጋ ትቷት ሄደ።

በዚያው ሳምንት መምህርት ሰላማዊት ጎማዋን ልታስለጥፍ መጣች። በከተማው ካለ የሙያ ማሠልጠኛ የአውቶሞቲቭ አስተማሪ ናት፤ ረጋ ያለች፣ ብዙ የምትጠይቅ ሴት። አልጋ የተገጠመላትን ሞተር አይታ ተንበርክካ መረመረቻት።

"ጋሽ ደምሴ፣ በዳገት ላይ ስንት ትጎትታለች?"

"ብዙ" አልኳት።

"ብዙ ቁጥር አይደለም እኮ።"

"አንቺ ድምፁን ስሚው" ብዬ አስነሣሁላት። ሰማችው። "ቆንጆ ነው" አለች፤ "ግን ባዶዋን እየሮጠች ነው። ሰው ሳይጫንባት ማን አይሮጥም?"

ማሠልጠኛው ውስጥ ሞተር የሚለካ መሣሪያ እንዳላት ነገረችኝ። የተገዛ አይደለም፤ ከጦርነቱ በፊት ራሷ ከጭነት መኪና ታምቡርና ፍሬን ነው የሠራችው። የሞተሩ የኋላ ጎማ ታምቡሩ ላይ ይቀመጣል፤ ጎማው ታምቡሩን ያዞራል፤ ፍሬኑ ቀስ እያለ ሲያዝ ሞተሩን ዳገት የሚወጣ ያህል ይጫነዋል። ፍሬኑ የሚገፋበት ክንድ ደግሞ የእህል ሚዛን ላይ ያርፋል። ሚዛኑ ምን ያህል ጉልበት እንዳለ ይናገራል። "ኮምፒዩተሮቹን በሙሉ ወስደዋል" አለች ሰላማዊት፤ "እሱን ግን ምን እንደሆነ ስላላወቁት ተውት።"

ሳቅሁ። ሠላሳ ዓመት ሞተር አዳምጬ እንደ ጤፍ ልመዘን? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሁለት ቀን እምቢ አልኳት። በሦስተኛው ቀን ግን አፏን ላዘጋት ብዬ ሞተሯን ይዤ ሄድኩ።

ሞተሯን በገመድ ከግድግዳው ብረት ጋር አሰረችልኝ። እኔ ተቀመጥኩ፤ እሷ ሚዛኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ሆና የፍሬኑን እጀታ ያዘች። "ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ጋዙን እስከ መጨረሻው ይስጡ" አለችኝ። ሰጠሁ። ፍሬኑን ቀስ ብላ አጠበቀችው። የሚዛኑ ቀስት ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። ከዚያ እኔ ጋዙን ሳልነካው መውረድ ጀመረ። ያቺ የምታምር ቀጭን ድምፅ ተለውጣ ጣሳ ውስጥ እንደሚንኳኳ ጠጠር ሆነች። ወደ ታች ስመለከት የማርሚታው አንገት ቀልቷል።

"ፍሪሲዮን ይያዙ! ያጥፉት!" ብላ ጮኸች።

ያዝኩ፤ አጠፋሁ። ጥቂት ብንቆይ አዲሱም ፒስተን ይጣበቅ ነበር። ሰላማዊት ካንዴላውን ፈታች። እንደ ኖራ ነጭ ነው። ያንን ንጣት አውቀዋለሁ፤ ጥር ላይ አይቼዋለሁ። ካርቡራተሩን ከፍታ ጂግለሯን አወጣችና መዳፏ ላይ ነካ ነካ ስታደርጋት ክሯ ወደቀች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቁጠባ" አልኳት።

አልሳቀችብኝም፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። "ጋሽ ደምሴ፣ ሞተር ባዶውን ሲሮጥ ጥቂት ቤንዚን ይበቃዋል" አለች። "ሲጫን ግን ቤንዚኑ መቃጠል ብቻ አይደለም ሥራው፤ ውስጡን ያቀዘቅዛልም። ካሳነሱበት ዳገት ላይ ራሱን ይበላል።"

በነጋታው ከጣሳው ውስጥ የድሮውን ፒስተን ይዤ ተመለስኩ። "ይሄን እይልኝ" አልኳት። "ባለቤቱ ላምባ ነው ይላል።" በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ አየችው። "ላምባም ይጎዳል፤ ላምባ ቢሆን ግን ጥላሸት ይተው ነበር" አለች። "ይሄ ከሙቀት ነው። እንደ ትናንቱ።"

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዳገቱ፣ አገዳው፣ የሰባት ወሩ ልጅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ በልጄ ዕድሜ ባለች አስተማሪ ፊት አለቀስኩ። ሰላማዊት ውሃ አምጥታ ሰጠችኝና ሳጥኗን ከፍታ ጂግለር መምረጥ ጀመረች።

ሦስት ቀን አብረን ሠራን። በሥራ ዘመኔ ካሳለፍኳቸው ቀናት ሁሉ የሚናፍቁኝ እነዚያ ናቸው። ክሯን ጥለን የፋብሪካውን ጂግለር ለካን፤ ለአልጋው ሸክም አሁንም አነሰ። ሰፋ ያለ ገጠምን፤ ሚዛኑ ወጣ። የበለጠ ሰፋ ያለ ገጠምን፤ ጥቁር ጭስ አወጣና ሚዛኑ ወረደ። አንድ ቁጥር ተመለስን። የካርቡራተሩን መርፌ አንድ እርከን ከፍ አደረግን፤ ለካን። ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ ካንዴላውን ፈትተን ቀለሙን እናያለን፤ ነጭ ሲሆን ቤንዚን አንሶታል፣ ጥቁር ሲሆን በዝቶበታል። በሦስተኛው ቀን ካንዴላው ቡናማ ሆኖ ወጣ። ድምፁ ወፍራምና ደብዛዛ ነበር። በጆሮዬ ቢሆን "ይቺ ሞተር ደክማለች" እል ነበር። ሚዛኑ ግን ከክሯ ጊዜ እጅግ በልጦ ወጣ፤ ፍሬኑን ይዘን ብንቆይም ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። ሰላማዊት እጇን ዘርግታ እንደ ወንድ ጨበጠችኝ።

ለእንድሪስ ልንገረው ወይስ ልተወው? እውነቱን ልናገርና ተፈትኛለሁ። ሞተሯ አሁን ደህና ናት። እሱ ላምባውን ከወቀሰ ስድስት ወር አልፎታል። ብነግረው የሞተ አይመለስም፤ እኔ ግን ስሜን አጣለሁ። አንድ ሙሉ ቀን ይሄን ሳመላልስ ዋልኩ። ማክሰኞ ለገበያ መጥቶ ሞተሯን ሊወስድ በሬ ላይ ሳየው፣ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ።

"እንድሪስ፣ ያኔ ዳገቱ ላይ የተጣበቀችው በቤንዚኑ አይደለም" አልኩት። "በእኔ ክር ነው። አሁን በመሣሪያ አይቼዋለሁ። አፉ በለኝ።"

አፉ በለኝ ማለት በእኛ አገር ይቅር በለኝ ማለት ነው፤ የተባለ ሰውም "አፉ ብያለሁ" እስኪል ድረስ ነገሩ አያልቅም። እንድሪስ የሞተሯን መሪ ይዞ መሬት መሬት እያየ ቆየ። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም።

"እኔ አፉ ብልዎ የዘሀራ አይሆንልዎትም" አለኝ በመጨረሻ። "ተሸክማ የወጣችው እሷ ናት። ይምጡና ለራሷ ይንገሯት።"

"መቼ?"

"አሁን። ይሳፈሩ።"

የገበያ ጆንያውን ከኋላው አስሮ የተረፈው ቦታ አልጋው ብቻ ስለነበር አልጋው ላይ ሆኜ ሄድኩ። የአምቡላንሷ የመጀመሪያ በሽተኛ እኔ ነኝ። መርሳ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች "ጋሽ ደምሴ፣ ምን አገኘዎት?" እያሉ ሊሮጡልኝ ሲሉ፣ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ስል አንዲት ሴትዮ "እሱማ ሁሉም እንዲህ ነው የሚል" ብላ እንባዋን ጠረገች። እንድሪስ እንኳ ሳቀ። ግራናን አልፈን ወደ ወንዙ ወረድን።

ዘሀራ ደጅ ሆና ማሽላ ትለቅም ነበር። ስታየኝ ሆዷን ይዛ ልትነሣ ሞከረች። "በሞቴ ተቀመጪ" ብዬ ፊት ለፊቷ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ነገርኳት፤ ክሯን፣ ጂግለሯን፣ ሚዛኑን፣ ሁሉንም። ስጨርስ "አፉ በይኝ" አልኳት።

"ከክብደት አይደለም?" አለችኝ።

"የምን ክብደት?"

እንድሪስን አየችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ያን ቀን የስፌት መኪናዬን ካልጫንክ አልሄድም ብዬው ነበር" አለች። "'ተይ፣ ይከብዳል' አለኝ። አለቀስኩበት። እሺ ብሎ ከኋላዬ አሰረው። ሞተሯ ስትቆም፣ እኔ ነኝ ያቆምኳት አልኩ። ልጄን ለብረት ሸጥኩት አልኩ። እንድሪስ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም፤ አለመውቀሱ ነው የገደለኝ።"

እንድሪስ ሚስቱ ይሄን ይዛ እንደኖረች ያን ቀን ነው የሰማው። አጠገቧ ተቀምጦ "ዘሀራ፣ እኔ እኮ ላምባው ነው ብዬ..." ብሎ እጇን ያዛት።

"ያቺ ሞተር ዳገቱን ለመውጣት የስፌት መኪና አይከብዳትም ነበር" አልኳት። "ክሯ ባትኖር ሁለት ትጭን ነበር።"

"በውነት ጋሼ?"

"በውነት። በሚዛን ለክቼዋለሁ።"

ዘሀራ ማሽላውን ወደ ጎን አስቀመጠች። "አፉ ብያለሁ፤ አሏህም አፉ ይበልዎ" አለችኝ። እንድሪስም ተከትሏት አለ። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር እየሳበች አመጣች፤ እንድሪስ ሮጦ ተቀበላት። የስፌት መኪናው ነው። ያኔ ከሞተሯ ጋር አገዳው ውስጥ የተደበቀው፤ ዓመት ሊሞላው ጆንያው አልተፈታም። "እዚህ ድረስ ከመጡ ይሄንንም ይዩልኝ" አለችኝ፤ "ዝጓል።" የሞተሯን ዘይት በጨርቅ እየነካሁ መርፌውንና መሽከርከሪያውን አፍታታሁላት። እስኪመሽ እዚያው ዋልኩ።

ወልድያ ስመለስ ክር ያስገባሁላቸውን ሁሉ መጥራት ጀመርኩ። ያኔ ነው የሰማሁት፤ ክር የገባባቸው ሞተሮች ዳገት ላይ ይሞታሉ የሚል ወሬ ከመርሳ እስከ ሐራ ሲወራ ከርሟል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ብቻ አልሰማሁም። ደንበኞቼ አንድ በአንድ መጡ። አንዳንዱ ተቆጣ፤ የደረሰበትን ጉዳት ሲነግረኝ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አንዱ የሐራ ሽማግሌ ግን "ሂድ ወዲያ፣ የኔ መንገድ ሜዳ ነው፤ ክሬን አልሰጥም" ብለው አባረሩኝ። ክራቸው እስከ ዛሬ ሞተራቸው ውስጥ አለች። ሸክም የሚያበዙትንና ዳገት የሚወጡትን ሁሉ ግን ሰላማዊት ጋ እየወሰድኩ አስለካኋቸው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በቆቦ በኩል የመድፍ ድምፅ እንደገና ይሰማ ጀመር። ሰው ጓዙን ያስር፣ ይፈታ ነበር። እኔ የማስበው ያንን የወንዝ አቀበት ብቻ ነው። መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። እንድሪስ ነው።

"ጋሼ፣ ሞተሯ አልቆመችም!" አለኝ። "በሁለተኛ ማርሽ፣ ዘሀራንም እናቴንም ጭና፣ ሳትንተባተብ ወጣችው!"

"ሞተሯን ተዋት! ዘሀራስ?"

"መርሳ ጤና ጣቢያ ነን። ወልዳለች። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።" ከዚያ፣ "ቤንዚን ግን ጠጣች ጋሼ፤ አንድ ሙሉ ጠርሙስ" አለኝ።

"ትጠጣ" አልኩት።

አሁን ዕድሜዬ ገፍቶ ጋራዡን ለቅቄያለሁ። ለሙያ ጓደኞቼ ያለኝ ምክር አጭር ነው። ሞተርን ጭናችሁ ለኩት። ሲበላሽ ደግሞ ምክንያቱን ሳትፈትሹ "ቤንዚኑ ነው" ብላችሁ ባለቤቱን አትሸኙ። እናንተ ያልወሰዳችሁትን ጥፋት ሌላ ሰው ይዞት ቤቱ ይገባል።